ንግሥቲቱ የት ነው የተቀመጠችው? ስለ አንድ የውሃ ቀለም ሥዕል የተሰጡ 43 ምላሾች

ጥያቄውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የደረሰብኝን መተረክም የእኔ ድርሻ ነው። ሥዕል ወዳዶች በሚሰበሰቡበት የውይይት መድረክ ላይ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የኡዤን ላሚን አንድ የውሃ ቀለም ሥዕል ለጠፍኩ። ሥዕሉ ነሐሴ 25 ቀን 1855 ማታ፣ በቬርሳይ ቤተ መንግሥት የኦፔራ አዳራሽ ውስጥ፣ ናፖሊዮን ሣልሳዊ ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያ ክብር ያበላውን እራት ያሳያል። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ በእኛ ሲሰላ 1847 ዓ.ም. ነሐሴ መሆኑ ነው። ይህች ቁጥር ኋላ ላይ ጣጣ ታመጣለች።

ከሥዕሉ ሥር የጻፍኩት ጥያቄ ይምሰል እንጂ አቤቱታ ነበር። አዳራሹ አለ፣ ወርቁ አለ፣ ከጣራው የተንጠለጠለው የክሪስታል መብራት አለ፣ ትከሻቸውን የገለጡ ወይዛዝርትና ደረታቸው በኒሻን የተሸፈነ መኮንኖች በየጠረጴዛው ዙሪያ ተኮልኩለዋል። ድግሱ የተደገሰላት ሴትዮ ግን የለችም። ዣክ ሉዊ ዳቪድ የመጀመሪያውን ናፖሊዮን የንግሥ ቀን ሲስል ወደ 10 ሜትር የሚጠጋ ሸራ ወጥሮ፣ ማን ባለ ዘውድ ማን ታዛቢ እንደሆነ ሕፃን እንኳን እንዲለይ አድርጎ ነው የሠራው። ላሚ በአንጻሩ በሁለት እጅ በሚያዝ ወረቀት ላይ ያን ሁሉ ሰው አጭቆ የክብር እንግዳዋን ረሳት። ወይ ሰነፍ ነበር፣ ወይ ግድ አልነበረውም ስል ደመደምኩ። ልበ ሙሉ ነበርኩ።

ምላሽ 1 የመጣው ሻይዬን ሳልጨርስ ነው። በጣም ጨዋ ሰው ነው። በፊተኛው ረድፍ የተቀመጠች አንዲት ነጭ ለባሽ ሴት ንግሥቲቱ ሳትሆን እንደማትቀር ጠቆመኝ፤ ስህተት ከሆነም አስቀድሞ ይቅርታ ጠየቀ። ምላሽ 2 ደግሞ ሌላ ነጭ ለባሽ መረጠ። ምላሽ 3 ሁለቱም መሳሳታቸውን ብቻ ተናግሮ፣ ትክክለኛዋን ሳይነግረን ሄደ። በየመድረኩ እንዲህ ያለ ሰው አይታጣም።

ምላሽ 4 የጡረተኛው የሥዕል መምህር ነው። እኚህን ሰው በመድረኩ ያለ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ልጄ ብለው ጀመሩ፤ በዚህን ጊዜ ነገር እንዳበላሸሁ ገባኝ። ዓይኔን ከፊተኞቹ ጠረጴዛዎች ላይ አንሥቼ ወደ አዳራሹ ወገብ፣ ሰገነቶቹ ወደሚታጠፉበት መሐል እንድወስድ አዘዙኝ። ንግሥቲቱ በዚያ ምሽት ስላየችው ነገር በማስታወሻ ደብተሯ ጽፋለች፤ እራቷን የበላችው እታች ከተጋባዡ ጋር ሳይሆን በመካከለኛው ሰገነት፣ በአንዲት ትንሽ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። አብረዋት የነበሩት ንጉሠ ነገሥቱ፣ እቴጌ ኡዤኒ፣ ባሏ አልበርት፣ ሁለቱ ትልልቅ ልጆቿና ጥቂት መሳፍንት ናቸው። እታች ደግሞ 400 ሰው በ40 ጠረጴዛ፣ ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ አሥር ሰው፣ በእያንዳንዱም ራስ አንዲት ወይዘሮ ተመድባ ተቀምጧል። ድልድሉን ያወጣችው እቴጌዋ ነበረች።

ሥዕሉን በኮምፒውተር አጎላሁት። የተባለው ቦታ አለ። በትንሹ ጣት ጥፍር ይሸፈናል። እዚያ ውስጥ ያሉት ሰው ስለመሆናቸው እንኳን ለመማል የሚያስቸግሩ የብሩሽ ንክኪዎች ናቸው።

ምላሽ 5 የእኔ ነው፤ ባልጽፈው ይሻል ነበር። ለንግሥት የተረፋት የጥፍር ያህል ቦታ ከሆነ ለአስተናጋጆቹ ስንት ደረሳቸው የሚል ሽሙጥ ነበር። ጋሼ በምላሽ 6 አልተቆጡም፤ ከቁጣ የባሰውን አደረጉ፤ በትዕግሥት አስተማሩኝ። አዳራሹን አንዥ ዣክ ጋብሪኤል የሠራው በ1770 ነው፤ ኋላ ሉዊ 16ኛ የሚሆነው አልጋ ወራሽ ማሪ አንቷኔትን ሲያገባ ለሠርጉ እንዲደርስ። ሲፈለግ ቲያትር ቤት፣ ሲፈለግ የግብዣ አዳራሽ እንዲሆን ተብሎ ወለሉ በመዘውር ወደ ላይ ተነሥቶ ከመድረኩ ጋር እኩል እንዲሆን ተደርጎ ነው የታነጸው። ተመልካች የሚቀመጥበት ጉድጓድ ይደፈናል፣ ጠረጴዛ ይዘረጋል፤ በየሰገነቱ ያለው ሰው ደግሞ ቁልቁል ያያል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ማን ከማን በላይ እንደሆነ ለማሳየት ሠዓሊ ሰውን ማግዘፍ አያስፈልገውም፤ የት እንደተቀመጠ ካሳየ ይበቃል። ጋሼ ነገሩን በዚህ ዘጉት፤ ለእኔም ያኔውኑ ቢዘጋ ይበጀኝ ነበር።

ምላሽ 7 የምግቡ ዝርዝር የተገኘ እንደሆነ የሚጠይቅ ቀልደኛ ነው። አልፈዋለሁ።

ከምላሽ 8 እስከ 10 ስለ ሠዓሊው ነው። ምላሽ 8 ላሚ በ1800 ፓሪስ ተወልዶ በ1890 እዚያው ፓሪስ የሞተ፣ የሠዓሊዎቹ የግሮና የኦራስ ቬርኔ ደቀ መዝሙር፣ በወጣትነቱ ወታደርና ጦርነት ይስል የነበረ ሰው መሆኑን ዘረዘረ። በ1832 ላ ሲልፊድ ለተባለው የባሌት ዳንስ ልብሶቹን የነደፈው፣ ኋላም ባለጸጋው ሮትሽልድ በፌርየር ያሠራውን ታላቅ ቤት ውስጡን ያስጌጠው እሱ ነው። የንጉሥ ሉዊ ፊሊፕን ልጆች ሥዕል አስተምሯል። በ1848 አብዮት ንጉሡ ሲሰደድ እሱም ተከትሎ እንግሊዝ ገባ፤ እዚያም ወዲያው ሥራ አገኘ። በዚያው ዓመት ሐምሌ በባኪንግሃም ቤተ መንግሥት የተደረገውን ዳንስ፣ እንግዶቹ በታላቁ ደረጃ ሲወጡ፣ በውሃ ቀለም ሠርቶታል። በ1851 ደግሞ ንግሥቲቱ ሁሉም በ17ኛው ክፍለ ዘመን አለባበስ የሚገኝበት ግብዣ ስታዘጋጅ የለበሰችውን ቀሚስ የነደፈላት እሱ ነው።

ምላሽ 9 ይህን ሁሉ አንብቦ በአንድ ቃል ዘጋው፦ አድርባይ። ትናንት የሉዊ ፊሊፕ የኦርሌአን ቤት፣ ዛሬ የእንግሊዝ ዘውድ፣ ነገ የቦናፓርት ድግስ፤ ጌታው ቢቀያየርም እጅ መንሻው አንድ ነው ባይ ነው። ኃይለኛ አባባል ነበር፣ ብዙ ሰውም ወደደው። ምላሽ 10 ግን ከዚሁ ዝርዝር ሌላ ነገር አወጣ፤ እኔን የረታኝም ይህ ነው። የአንዲትን ሴት ቀሚስ የነደፈ ሰው ቁመናዋን ያውቃል፤ ወገቧን፣ ትከሻዋን፣ አጭር መሆኗን ሳይቀር። ላሚ ቪክቶሪያን ከሩቅ የሚያውቃት ሠዓሊ አልነበረም። ስለዚህ በጥፍር ስፋት ያሳነሳት መሳል አቅቶት ወይም ረስቷት ሊሆን አይችልም። ሰነፍ የሚለውን ቃል ከመጀመሪያው ጽሑፌ ላይ ዝም ብዬ አጠፋሁ። ምላሽ 11 ማጥፋቴን አይቶ ለሕዝብ አስታወቀ።

ይኸው ምላሽ 11፣ እግረ መንገዱን፣ ሴቶቹ በሽቦ በተወጠረ ቀሚስ እንዴት አድርገው ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ተገረመ። ምላሽ 12ን ያመጣልን ይህ ነው፤ ከ43ቱ ሁሉ አንዱን ብቻ አስቀር ብባል የማስቀረው ይህንኑ ነው። የጻፈችው የቬሎ ሰፊ ናት። የብረት ቀለበት ያለው የቀሚስ መወጠሪያ፣ ክሪኖሊን የሚባለው፣ ፓሪስ ውስጥ የባለቤትነት መብት የተሰጠው በ1856፣ ማለትም ከዚህ እራት በኋላ ባለው ዓመት ነው። በሥዕሉ ላይ ያሉት ሴቶች ከቀሚሳቸው ሥር ያለው ሽቦ ሳይሆን የውስጥ ቀሚስ በውስጥ ቀሚስ ላይ፣ ከመካከሉም በፈረስ ጭራ ፀጉር የተጠነከረ ጨርቅ ነው። ክሪኖሊን የሚለው ስም ራሱ የመጣው ከዚያ ፀጉር ነው። ክብደቱን ሁሉ የሚሸከመው ወገብ ነው፤ በነሐሴ ሙቀት፣ በሻማ ብርሃን ሥር።

ከዚያ ወደ ሙያዋ ገባች። ሙሽራ ለመቀመጥ ስትል ቀሚሷን ከኋላ ሳይሆን ከጎን ነው የምትሰበስበው፤ ከኋላ ከተቀመጠችበት ይጨማደዳል፣ ከፊት ከጎተተችው ጫማዋ ይታያል። እንዲህ ያለች ሴት የሁለት ሰው ቦታ ትወስዳለች። ስለዚህ አሥር ሰው በሚቀመጥበት ጠረጴዛ ሴቶቹን ጎን ለጎን ካደረጓቸው አስተናጋጅ ሳህን ይዞ የሚያልፍበት ቀዳዳ አይኖርም፤ በመካከላቸው ወንድ ማስገባት የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የጨርቅ ጉዳይም ነው። ለሠዓሊም ትልቅ ገላጋይ ነው፤ ቀሚሱ ወርዶ መሬት ስለሚነካ የወንበር እግር ከመሳል ያድነዋል። እኔ ይህን ካነበብኩ በኋላ የላሚን ሴቶች የማያቸው እንደ ሰው ሳይሆን እንደተደፋ ሰፌድ ነው፤ ከላዩ ትንሽ ጭንቅላት የተቀመጠበት ሰፌድ።

ምላሽ 13 አድናቆት። እሱን ተከትሎ ዝናብ ዘነበ።

ምላሽ 14ን የጻፈችው ፓሪስ የምትኖር ሴት ናት። አዳራሹን በዓይኗ አይታዋለች። መጋረጃውና መቀመጫው ሰማያዊ ነው፣ ግድግዳው በእብነ በረድ ዓይነት በሥሱ ሮዝና አረንጓዴ የተቀባ ነው፤ ላሚ ግን ቀይ በቀይ አድርጎታል። ስለዚህ ከአእምሮው ነው የሳለው ብላ ፈረደች። ምላሽ 15 ሳይውል ሳያድር አበረታት፤ ድሮውንም የቤተ መንግሥት ሠዓሊ ውሸታም ነው የሚል ሰው ነው። ምላሽ 16 ደግሞ የጉብኝት ቲኬት የቆረጠ ሁሉ የታሪክ ሊቅ እንደማይሆን ለሴትየዋ አስታወሳት። ትክክልም ቢሆን እንዲህ አይባልም። ለዚያውም ገና ምንም ማስረጃ አላቀረበም።

ማስረጃውን ያቀረበው ምላሽ 17 ነው። ሉዊ ፊሊፕ ቬርሳይን ሙዚየም አድርጎ በ1837 ሲከፍተው የኦፔራውን አዳራሽ በቀይ አስቀብቶታል። ላሚ በ1855 ያየው ያንን ቀይ ነው። ዛሬ የሚታየው ሰማያዊ ወደ ቦታው የተመለሰው ከ1952 እስከ 1957 በተደረገው እድሳት ሲሆን፣ እድሳቱ ያረፈበት መነሻ የ1770ው መልክ ነው። የዛሬ ጎብኚ የሚያየው ከላሚ ይልቅ ለማሪ አንቷኔት ይቀርባል ማለት ነው። የታደሰው አዳራሽ በሚያዝያ 1957 ሲመረቅ በክብር እንግድነት የተገኘችው ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት ናት፤ ቪክቶሪያ የአያቷ አያት ነበረች።

ሴትየዋ በምላሽ 18 ስለ ቀዩ ቀለም መሳሳቷን ያለ ማንገራገር አመነች፤ ስለ ቲኬቱ ግን ይቅርታ ጠበቀች፤ አላገኘችም። አንድ ነገር ጨመረችልን። አስጎብኚው ከነገራቸው ሁሉ የማይረሳት፣ ድንጋይ የሚመስለው ዓምድ ሁሉ እንጨት መሆኑ ነው። የተቀባ እንጨት። ድምፅ ያማረበትም በዚሁ እንጨትነቱ ነው ይባላል። እኔ በበኩሌ ይህንን ስሰማ ለውሃ ቀለም የሚስማማ ቤት ነው አልኩ፤ ወለሉ ክዳን፣ እብነ በረዱ እንጨት፣ ቀዩ ከሌላ ቀለም ላይ የተደረበ።

ከምላሽ 19 እስከ 22 ያሉት አራቱም ቪክቶሪያ ለኤልሳቤጥ ቅድመ አያት ናት ወይስ ቅም አያት ወይስ ምንዝላት በሚል ክርክር አለቁ። አንዱ ከጎጃም፣ አንዷ ከወሎ፣ አንዱ ከሸዋ ነኝ ብለው እያንዳንዳቸው የየሀገራቸውን ቆጠራ አመጡ። እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሕዝብ አራተኛው ላይ መጣላቱ ገርሞኛል።

ምላሽ 23 ጨዋታውን አፈረሰው። ለማንም ሰላምታ ሳይሰጥ ገብቶ፣ በዚያ ሳምንት በክሪሚያ ጦርነት የሴባስቶፖል ከተማ ተከቦ እንደነበር፣ ከእራቱ ዘጠኝ ቀን ቀደም ብሎ በቼርናያ ወንዝ ላይ ብዙ ሺህ ሰው መውደቁን፣ ከተማዋም የተያዘችው ከእራቱ ሁለት ሳምንት በኋላ መሆኑን ደረደረ። ከዚያም ወደ እኔ ዞረ። ወታደር በምሽግ ጭቃ ውስጥ ሲያልቅ አንዲት ንግሥት ከየትኛው ወንበር ላይ እንደተቀመጠች የሚያሳስበው ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ጠየቀ። መልስ አልሰጠሁም። ትክክለኛ መልስ ስላልነበረኝ ነው።

ምላሽ 24 በእኔ ፈንታ መለሰ፤ ለስለስ ብሎ። ጦርነቱና እራቱ ሁለት ነገር አይደሉም። እንግሊዝና ፈረንሳይ ክሪሚያ ላይ በአንድ ወገን ስለተሰለፉ ነው ቪክቶሪያ የመጣችው፤ በሥልጣን ላይ ያለ የእንግሊዝ ንጉሥ ፓሪስን ከረገጠ ከ400 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ናፖሊዮን ሣልሳዊና ኡዤኒም በዚያው ዓመት ሚያዝያ ዊንድዘር ሄደው ተስተናግደዋል፤ ይህ ብድር መመለስ ነው። ስለዚህ የመዝናኛ ሥዕል ብለን የምናየው ወረቀት የውል ሰነድ ያህል ነው ይላል። ምላሽ 25 በዚያው ጊዜ ሌላ ፈረንሳዊ ሠዓሊ፣ ኮንስታንታን ጊስ፣ ለአንድ የለንደን ሥዕላዊ ጋዜጣ ከክሪሚያ ግንባር ንድፍ ይልክ እንደነበር አነሣ። በዕድሜ ከላሚ ሁለት ዓመት ያንሳል፤ ኋላ ፓሪስ ሲመለስ እሱም ባለ ሠረገላ ወይዛዝርትን በቀለምና በውሃ ይስል ጀመር፤ ገጣሚው ቦድሌርም በ1863 ስሙን በመጀመሪያ ፊደሉ ብቻ እየጠራ ስለ እሱ ጻፈ። ከጊስ ሥዕል የጭቃው ሽታ እንደማይጠፋ፣ ላሚ ግን ጫማውን ጠርጎ እንደሚገባ ምላሽ 25 ያምናል። ንጽጽሩን ወድጄዋለሁ፤ ይሁንና የተጠረገ ጫማም የራሱ ዓይን አለው።

ምላሽ 26 በዚያ ምሽት ዳንሱ የተካሄደው በመስታወቱ አዳራሽ እንደነበርና ለንግሥቲቱ ከቀረቡት እንግዶች አንዱ ቢስማርክ የተባለ የፕሩሲያ ዲፕሎማት መሆኑን ነገረን። በጥር 1871 የጀርመን ንጉሠ ነገሥት መንግሥት የታወጀው በዚያው በመስታወቱ አዳራሽ ነው፤ ጋባዡ ናፖሊዮን በዚያን ጊዜ ምርኮኛ ነበር። ምላሽ 27 ደግሞ ስለ እራት ቤቱ ስለራሱ ነገረን። ከ1871 ጀምሮ የፈረንሳይ ብሔራዊ ሸንጎ የተቀመጠው በዚያው ኦፔራ ውስጥ ነው፤ ሪፐብሊኩን ያጸናው የቫሎን ማሻሻያም በጥር 30 ቀን 1875 እዚያው በ353 ለ352 ድምፅ አለፈ። በአንድ ሰው ብልጫ! እቴጌዋ በጥንቃቄ በደለደለችው ወለል ላይ ወንበሩ በምርጫ ተያዘ።

እዚህ ላይ የውይይቱ ክር ሊያበቃ ይችል ነበር። ምላሽ 28 ግን የእኔን 1847 አገኘ።

አስቀድሜ ያልኩት ጣጣ ይኸው ነው። ካሣ ኃይሉ ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት በ1847 የካቲት ነው፤ እራቱ የተበላው በዚያው ዓመት ነሐሴ። ምላሽ 28 ይህን ከተናገረ በኋላ ሴትየዋ በወርቅ ሳህን እየበላች ለንጉሣችን ደብዳቤ መልስ መከልከሏን በምሬት ጻፈ። ምላሽ 29 ቀኑን አረመው። ደብዳቤው የተጻፈው በ1862፣ ከእራቱ ሰባት ዓመት በኋላ ነው፤ የተረሳውም በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ውስጥ እንጂ በቬርሳይ ጠረጴዛ ላይ አይደለም። ይህ እርማት ትክክል ነበር፤ አቀራረቡ ግን ቁስል ላይ ጨው የመነስነስ ያህል ነበር።

ምላሽ 30 ለንደን የሚኖር ሰው ነው፤ ዝግ ብሎ ነው የጻፈው። በዚያ ምሽት ከእራቱ በፊት ርችት ተተኩሶ ነበር፤ የመጨረሻው ርችት በሰማይ ላይ የሠራው ቅርጽ፣ ለእንግዳዋ ክብር፣ የዊንድዘር ግንብ ነበር። ንግሥቲቱ ይህንንም በደብተሯ አስፍራዋለች። ዊንድዘር ልዑል ዓለማየሁ ያረፈበት ቦታ ነው፤ ከመቅደላ በኋላ በ1868 በሕፃንነቱ ተወስዶ፣ በ1879 በ18 ዓመቱ ሞቶ። ሰውየው ስለ ሥዕሉ ምንም አስተያየት የለውም፤ ከዚያ በኋላ ግን ርችት ባየ ቁጥር ልጁን እንደሚያስብ ብቻ ተናገረ። እኔ እስከዚያ ድረስ በዚህ ወረቀት ላይ ያየሁት ጨርቅና ወርቅ ነበር።

ከምላሽ 31 እስከ 33 ያለው ጠብ ነው። ጥፋቱ የንግሥቲቱ ነው፣ የሚኒስትሮቿ ነው፣ አይደለም የራሳችን ነው፤ አጽሙ ይመለስ፣ ለምን አልተመለሰ፣ ማን ዝም አለ። የተሰነዘሩትን ስድቦች አልደግማቸውም። ምላሽ 34 አወያዩ ነው፤ ሁለት ሰዎችን አስጠንቅቆ፣ ክሩ ወደ ውሃ ቀለም ካልተመለሰ እንደሚዘጋው ነገረን።

የተመለሰው በአንዲት ጀማሪ ሠዓሊ ጥያቄ ነው። ምላሽ 35 ላይ፣ ውሃ ቀለም ብርሃን አሳላፊ ከሆነና ነጭ ቀለም ከሌለው የመቶ ሻማ ብልጭታ ከምን እንደሚመጣ ጠየቀች። ጋሼ በምላሽ 36 ሦስት መንገድ ቆጠሩላት። ወረቀቱን ሳይነኩ መተው አንደኛው ነው፤ ነጩ ወረቀቱ ራሱ ይሆናል፣ ግን ከመጀመሪያው ብሩሽ በፊት የት እንደሚተው ማወቅ ይጠይቃል። ከደረቀ በኋላ በምላጭ ጫፍ መፋቅ ሁለተኛው። ጉዋሽ፣ ማለትም ብርሃን የማያሳልፈውን ነጭ፣ በመጨረሻ ጠብ ጠብ ማድረግ ሦስተኛው፤ ላሚም ጉዋሽ መደረብ ያውቅበታል። ከዚህ ቀጥለው፣ ሳልጠይቃቸው፣ ወደ እኔው ዳቪድ ተመለሱ። በአካዳሚው ሚዛን የታሪክ ሥዕል ከሁሉ በላይ ነው፤ የሰው መልክ፣ የዕለት ኑሮ፣ መልክዓ ምድርና የዕቃ ሥዕል በየተራቸው ከሥር ይሰለፋሉ። የውሃ ቀለም ደግሞ ለሸራው ዝግጅት፣ ለእመቤቶች መጫወቻ ተደርጎ ይታይ ነበር። ፈረንሳውያን የውሃ ቀለም ሠዓሊያን ማኅበር ያቋቋሙት በ1879 ነው፤ የመጀመሪያው ትርኢታቸውም ኢምፕሬሽኒስቶቹን ይደግፍ በነበረው በሥዕል ነጋዴው በዱራን ሩዌል ቤት ቀረበ። ከመሥራቾቹ አንዱ ላሚ ነበር፤ ወደ 80 ዓመቱ ተጠግቶ። እኔ ላሚን በዳቪድ መለኪያ መለካቴ ዶሮን በበሬ ቀንበር ጠምዶ አታርስም ብሎ እንደመውቀስ ነው አሉኝ። ለዚህ ነው ጋሼ የምንላቸው።

ምላሽ 37 ዱባይ የሚኖር ሰው ነው። ጓደኛው የሠራለትን የውሃ ቀለም ከመስኮት ትይዩ ሰቅሎት፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ሰማዩ ወረቀት ሆኖ ቀረ። ሙዚየሞች እንዲህ ያለውን ሥራ ለጥቂት ወራት፣ ያውም ከ50 ሉክስ በማይበልጥ ብርሃን አሳይተው ወደ ጨለማ የሚመልሱት ለምን እንደሆነ ያኔ እንደገባው ጻፈ። ምላሽ 38 ማስታወቂያ ነው፤ አወያዩ አነሣው።

ምላሽ 39 ላይ ጀማሪዋ ሠዓሊ ወረቀት ገዝታ የላሚን እራት መቅዳት እንደጀመረች አበሰረች። ምላሽ 40 ከሁለት ቀን በኋላ የመጣ ፎቶ ነው። ወረቀቱን ሳትወጥር ስለጀመረች እንደ ቆርቆሮ ጣራ ተጣጥፏል። በዚህ ክር የተነሣ ከሁሉ አስቀድማ የሠራችው መካከለኛውን ሰገነት ነው፤ መሳፍንቱን ትታ ለስድስቱ ዋና ዋና ሰዎች የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ነጭ ትታ፣ ዙሪያውን በቀይ ለመሙላት ተነሣች። ቬሎ ሰፊዋ በምላሽ 41 ከእነዚያ ነጮች ንግሥቲቱ የትኛዋ እንደሆነች ጠየቀች። ጋሼ በምላሽ 42 ይህን ተዉና መጀመሪያ ወረቀቱ ሲነካ ደርቆ እንደነበር ንገሪኝ አሏት።

ምላሽ 43 የእሷ ነው። አልደረቀም ነበር። ቀዩ ወደ ሰገነቱ ውስጥ ገብቶ ንጉሠ ነገሥቱንም፣ እቴጌዋንም፣ ቪክቶሪያንም፣ ባሏንም፣ ሁለቱን ልጆቿንም አንድ ሮዝ እድፍ አድርጓቸዋል። አዲስ ወረቀት ጣውላ ላይ ወጥራለች፤ አሁን የምትጀምረው ከታች፣ ከጠረጴዛዎቹ ነው።